የተጀመረው የተማሪዎች ውድድር ይጠናቀቅልን፤ ለድሬዳዋ የትምህርት ቤቶች ስፖርት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በድሬዳዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ስፖርታዊ ውድድር ለምታዘጋጁና ለምትመሩ የሥራ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ስለተቋረጠው የዘንድሮው ውድድር

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

ከፋሲካ ዕረፍት በተመለስን ሰሞን በትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሦስት መስመር የማይሞላ ጽሑፍ ተለጥፎ አገኘን። «በበጀት እጥረትና በፈተና መቃረብ ምክንያት የዘንድሮው የትምህርት ቤቶች ውድድር ባለበት እንዲቆም ተወስኗል» ይላል። ያልተደረጉት የግማሽ ፍጻሜና የፍጻሜ ጨዋታዎች ምን እንደሚሆኑ፣ ዋንጫው ለማን እንደሚሰጥ ወይም ጨርሶ እንደማይሰጥ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ለማን አቤት እንደሚል የሚገልጽ ቃል የለበትም። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ከተማችንን ወክሎ ከሌሎች ክልሎች ተማሪዎች ጋር የሚወዳደረው ስብስብ መመረጡን ሰማን። በምን መስፈርት እንደተመረጠ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የስፖርት መምህርና የትምህርት ቤታችን ቡድኖች አሰልጣኝ ሆኜ ነው። ብቻዬን አልጻፍኩትም፤ የእግር ኳሱ፣ የመረብ ኳሱና የእጅ ኳሱ አምበሎች አብረውኝ ተቀምጠው እያንዳንዱን ነጥብ ተከራክረንበታል፤ እርግጠኛ ያልሆንንበትን አውጥተናል። የትምህርት ቤቱን ስም ያልጠቀስነው ከሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን የምንሰማው ሁሉ ከእኛው ጋር አንድ ስለሆነ ነው። ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ኩርፊያ ተደርጎ እንዲታይ አንፈልግም።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ተሸነፍን ብለን አቤቱታ አላቀረብንም። የወንዶች እግር ኳስ ቡድናችን ኅዳር ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸንፏል፤ ሁለተኛውን አራት ለባዶ። ያን ቀን ተጋጣሚያችን በሁሉም ነገር ይበልጠን ነበር፤ ልጆቻችንም ይህን አውቀው፣ እጅ ጨብጠው ነው ከሜዳ የወጡት። በሦስተኛው ጨዋታ አቻ ወጡ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ቀስ በቀስ ራሱን አገኘ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እየተጠራሩ ኳስ የሚቀባበሉት የመሐል ሜዳ ልጆች እርስ በርስ ለመግባባት ጊዜ ፈጅቶባቸው ነበርና አንዴ ከተግባቡ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። ምድቡን ሁለተኛ ሆነው አለፉ፤ ሩብ ፍጻሜውን በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፉ። የሴቶቹ መረብ ኳስ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ሲጀምሩ ማንም አልቻላቸውም፤ ጥር ላይ ኳስ የምታመቻችላቸው ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ወለም አላትና በተከታታይ ተሸነፉ። የተተካችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሰልፍ ከመደረጉ በፊት በማለዳ እየመጣች ከቤተ ሙከራው ግድግዳ ጋር ብቻዋን ኳስ ስትቀባበል ያየናት ሁላችንም ነን፤ ቡድኑን ከወደቀበት ያነሳችው እሷ ናት። መውጣትና መውረዱን ልጆቻችን ችለውታል። መሸከም ያቃታቸው ከሜዳ ውጭ የተወሰነባቸውን ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን የመርሐ ግብሩ ነው። ውድድሩ ሲጀመር የተሰጠን ፕሮግራም የመጀመሪያውን ዙር ብቻ የያዘ ነበር። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጨዋታ የሚነገረን በቴሌግራም ነው፤ ብዙ ጊዜ በዋዜማው፣ አንዳንዴም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሳቢያን በሚገኝ ሜዳ እንድንገኝ ተነግሮን ልጆቹ ማልያቸውን ለብሰው፣ ታኬታቸውን አስረው ጠበቁ። ዳኛም ተጋጣሚም አልመጣም። ኋላ እንደተረዳነው ጨዋታው ማታውን ወደ ለገሃሬ ተዛውሯል፤ መልእክቱ የተላከው በዚያ ሰሞን ለስብሰባ ከከተማ ውጭ ለነበሩት ርዕሰ መምህራችን ብቻ ነው። በባጃጅ ተጭነን ስንደርስ ዳኛው ፎርፌ አስመዝግቦ ጨርሷል። ሦስት ለባዶ ተሸንፋችኋል ተባልን። ተጋጣሚዎቻችን ገና ከሜዳው አልወጡም ነበር፤ አሰልጣኛቸው በፊታችን ለጨዋታው ኮሚሽነር «እንጫወት፤ እኛም በፎርፌ ማሸነፍ አንፈልግም» ብለው ጠይቀዋል። ለዚህ ሰው ያለንን አክብሮት በዚህ አጋጣሚ እንገልጻለን። የኮሚሽነሩ መልስ ግን «ወረቀቱ ተሞልቷል» የሚል ነበር። ሁለት ቡድን፣ አንድ ዳኛ፣ አንድ ኳስና ባዶ ሜዳ እያለ ጨዋታው ሳይደረግ ቀረ።

የዚህ ዓይነቱ አሠራር ጉዳት በሴቶቹ ላይ ይብሳል። የእጅ ኳስ ቡድናችን ግብ ጠባቂ እንድትጫወት አባቷን ለማስፈቀድ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነበር። «ቀኑና ሰዓቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ ልጄ መቼ ወጥታ መቼ እንደምትገባ ልወቅ» አሉኝ። አባት የሚጠይቀው ተገቢ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ፕሮግራም የትምህርት ቤቱ ማኅተም አርፎበት ሰጠኋቸውና ፈቀዱ። በሁለተኛው ዙር ጥሪው የሌሊት መልእክት ሲሆን፣ ሰዓቱም ሲገፋ ሲገፋ ልጅቷ ከመሸ ወደ ቤት መግባት ስትጀምር፣ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው «መምህር፣ የተነጋገርነው እንዲህ አልነበረም» ብለው አስቀሯት። እውነታቸውን ስለሆነ የምመልስላቸው አልነበረኝም። ያቺ ልጅ በዚህ ከተማ ካየኋቸው ግብ ጠባቂዎች ሁሉ የተሻለ እጅ አላት። አሁን ከክፍል ወጥታ በቀጥታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

በዚሁ በመርሐ ግብሩ ጉዳይ የጾሙንም ነገር ሳናነሳ አናልፍም። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሰሞን ገጥመዋል። ይህ ድንገት የመጣ አይደለም፤ ዓመቱ ሳይገባ የሚታወቅ ነው። ከተጫዋቾቻችን ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውኃ አይቀምሱም። ክርስቲያኖቹም ቢሆኑ እየጾሙ የሚውሉ አሉ። ለዚያ ወር ጨዋታዎቹን በማለዳ ማድረግ ወይም እስኪያልፍ መጠበቅ ይቻል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ አንድም ጨዋታ ሳይደረግ ተከርሞ ጾሙ ሲገባ በሳምንት ሁለት ሁለት ጨዋታ ተደረደረብን፤ ያውም ከሰዓት በኋላ።

ሁለተኛው የፀሐዩ ነገር ነው። በዚህ ላይ ረዘም አድርገን የምንጽፈው ልጅ ሊሞትበት የሚችል ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ድሬዳዋ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሱቋን ዘግታ የምታርፍ ከተማ ናት። ከዚራ ሰፈር በዛፎቿ ጥላ ሥር እንኳ ሰው የሚቀንስበት፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ነጋዴው ሸራውን ጋርዶ የሚጋደምበት ሰዓት ነው። የእኛ ልጆች ግን በመጋቢት መጨረሻ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ እንዲጫወቱ ተመደቡ። ምክንያቱን ስንጠይቅ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሜዳው ለሌላ ውድድር ተይዟል ተባልን።

ሜዳው ሣር የለውም። ግብ ጠባቂያችን ኳስ ሊያድን ወድቆ በተነሳ ቁጥር ክንዱ ላይ የተጣበቀው አቧራ በላቡ ጭቃ ይሆናል። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ጀርባቸውን ለአጥሩ ግንብ ሰጥተው በአንድ ረድፍ ቆሙ፤ የቀትር ጥላ ከትከሻ ስፋት ስለማያልፍ የተቀመጠ ሰው እግሩ ፀሐይ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ማንም አልተቀመጠም። በጀሪካን ይዘነው የሄድነው ውኃ በመጀመሪያው አጋማሽ አልቋል። ከሜዳው ማዶ አንዲት እናት በፌስታል የተቋጠረ በረዶ ይሸጣሉ፤ ያላቸውን ሁሉ ገዛን። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ የቀኝ ተከላካያችን ኳሱ ወደሌለበት አቅጣጫ ሲሮጥ አየሁት። ስሙን ጠራሁት፤ ዞሮ አየኝ፤ አላወቀኝም። ዳኛውን ጨዋታ አቁምልን ብንለው «የውኃ ዕረፍት በደንባችን የለም» አለ። ልጁን ራሳችን ገብተን አወጣነው። ማልያውን አውልቀን በረዶውን አንገቱና ብብቱ ሥር አደረግንለት፤ ሁለት ተማሪዎች በደብተራቸው እያራገቡለት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላህ ይመስገን፤ ተረፈ። ገብተን በማውጣታችን ግን ቡድናችን ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል።

የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሰው መቃዠት ሲጀምር ነገሩ ድካም መሆኑ ቀርቷል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ካልቀዘቀዘ አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን የሚጎዳ አደጋ ነው። ይህን እኔ በክፍል ውስጥ የማስተምረው ነው። ፊፋ የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበትና የፀሐዩን ጉልበት አንድ ላይ የሚለካ መለኪያ አለው፤ ያ መለኪያ 32 ዲግሪ ሲያልፍ በ30ኛውና በ75ኛው ደቂቃ ገደማ የውኃ ዕረፍት እንዲሰጥ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ኔዘርላንድስና ሜክሲኮ ፎርታሌዛ ላይ ሲገናኙ ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ ተጫዋቾቹ ውኃ ሲጠጡ ዓለም ተመልክቷል። እነዚያ በሐኪም የተከበቡ፣ ሥራቸው ይኸው የሆነ ጎልማሶች ናቸው። የ16 ዓመት ተማሪ በባዶ አፈር ላይ፣ በቀትር፣ ቁርሱን በልቶ ይሁን ሳይበላ በማይታወቅበት ሁኔታ ሲጫወት ሦስት ደቂቃ የውኃ ዕረፍት የሚከለክል ደንብ ካለ ደንቡ ይሻር። ከሌለም ለዳኞቹ በጽሑፍ ይነገራቸው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የሕክምናው ጉዳይ ነው። ለውድድሩ ስንመዘገብ ከከፈልነው ገንዘብ ውስጥ «ለሕክምና አገልግሎት» ተብሎ የተያዘ አለ፤ ደረሰኙ በእጃችን ነው። በዓመቱ ውስጥ ግን በአንድም ጨዋታችን ላይ ወጌሻ ወይም የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን የያዘ ሰው አላየንም። የእጅ ኳስ ተጫዋቻችን ተገፍታ ወድቃ ክንዷ ሲሰበር ያሰርንላት ከተመልካች እናት ትከሻ ላይ በተወሰደ ነጠላ ነው። የወሰዳት ባጃጅ ሹፌር ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ሄደ። መንገደኛው እንዲህ ሲያዝን ውድድሩን ከሚመራው ወገን ስለ ልጅቷ ደውሎ የጠየቀ አለመኖሩ ወላጆቿን ክፉኛ አስቀይሟል።

የሴቶቹን ውድድር በተመለከተ ከላይ ካነሳነው ሌላ አንድ ጉዳይ እንጨምራለን። በመረብ ኳስ ደንብ የወንዶች መረብ ቁመት 2.43 ሜትር፣ የሴቶች 2.24 ሜትር ነው። የአሥራ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ልዩነት ነው፤ ላልተጫወተ ሰው ትንሽ ይመስላል፤ ለምትዘለው ልጅ ግን ኳሱን ወደ ታች በመምታትና ወደ ላይ በመገፍተር መካከል ያለ ልዩነት ነው። የሴቶቻችን ጨዋታ ዘወትር ከወንዶቹ ቀጥሎ ይደረጋል፤ አንድ ቀን የምሰሶው ማጥበቂያ ዝጎ አልዞር ስላለ መረቡ በወንዶቹ ቁመት እንዳለ እንዲጫወቱ ተደረገ። «ለሁለቱም ቡድን እኩል ነው» ተባልን። የወንዶቹ ግጥሚያ ዘግይቶ ስላለቀ ደግሞ አንድ ለአንድ ሆነው ሦስተኛው ዙር ላይ እያሉ መሸ፤ ኳሱ አልታይ አለ። በሌላ ቀን ይቀጥላል የተባለው ጨዋታ ሳይቀጥል በሁለቱ ዙር የተቆጠረው ነጥብ ተደምሮ ለተጋጣሚያችን ተሰጠ። የሁለቱም ትምህርት ቤት ልጆች በነገሩ አዝነዋል፤ ያሸነፉት እንኳ ማሸነፋቸውን የሰሙት ከእኛ ነው።

በተጫዋቾች ተገቢነት ጉዳይ የምንለው አጭር ነው። በየሰፈሩ ክለብ በአዋቂዎች ውድድር ሲጫወቱ የምናውቃቸው ሰዎች የተማሪ ማልያ ለብሰው ሲሰለፉ በማየታችን ሁለት ጊዜ ክስ አስመዝግበናል። የክስ ማስያዣውን ገንዘብ ልጆቹ ናቸው ከኪሳቸው ያዋጡት። ክሱ ትክክል ነው ወይም አይደለም የሚል መልስ አልተሰጠም፤ ገንዘቡም አልተመለሰም። «አጣርተን እናሳውቃለን» ከተባልን ወራት አልፈዋል። ክሳችን ውድቅ ከሆነም ውድቅ ነው ተብሎ ይጻፍልን፤ እንቀበላለን።

ስለ መለማመጃ ሜዳም እንዲሁ። በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ለአዲስ ሕንጻ ተብሎ ከዓምና ጀምሮ አሸዋና ድንጋይ ተቆልሏል፤ ሕንጻው ግን አልተጀመረም። ልጆቹ ልምምዳቸውን ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወስደውታል። ደቻቱ በበጋ ደረቅ ነው፤ ነገር ግን ከላይ ተራራው ላይ ከዘነበ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለም ጎርፉ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደውን ጎርፍ ለማያስታውስ የድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ልምምዱን አቁመናል። ግማሽ ፍጻሜ የሚጠብቅ ቡድን በክፍሎች መካከል ባለ ኮሪደር ላይ ሰውነት እያሟሟቀ ከረመ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ወደ መቋረጡ።

ሁለት ምክንያት ተሰጥቶናል። አንዱ ፈተና ነው። ስለ ፈተና የወላጅን ጭንቀት እንረዳለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ልጁን «ኳሱን ተውና አጥና» ያላለ ወላጅ ጥቂት ነው። እኛም ብንሆን ውጤቱ የወረደ ልጅ እስኪያስተካክል ከስብስቡ የሚወጣበት ደንብ አለን፤ ከልምምድ በኋላ የ12ኛ ክፍሎቹ ቤተ መጻሕፍት አብረው ያጠናሉ፤ ከመካከላቸው ከክፍላቸው የደረጃ ተማሪ የሆኑ አሉ። ፈተናው የሚሰጥበት ወቅት ግን መስከረም ላይም ይታወቅ ነበር። ያለ አንዳች ጨዋታ የባከኑት የጥርና የየካቲት ሳምንታት ለግማሽ ፍጻሜም ለፍጻሜም ይበቁ ነበር። የአዘጋጁ ጊዜ አጠቃቀም ያመጣውን ችግር ተማሪው በፈተና ስም እንዲከፍል መደረጉን አንቀበልም።

ሌላው በጀት ነው። የቀረው ምንድን ነው? በእያንዳንዱ ስፖርት ሁለት የግማሽ ፍጻሜና አንድ የፍጻሜ ጨዋታ። ሜዳው የከተማው ነው፤ ኳሱ አለ፤ ማልያውን ልጆቹ ለብሰውታል። የዳኛ አበል ከሆነ የቸገረው፣ የዳኝነት ፈቃድ ያላቸው የስፖርት መምህራን ያለ ክፍያ ለመዳኘት ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውናል። ይህች ከተማ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን አንድ ምድብ ያስተናገደች ናት፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) እዚህ ተጫውተዋል፤ ዋንጫውን ያነሳችው ሞሮኮ የምድብ ጨዋታዎቿን ያደረገችው በድሬዳዋ ሕዝብ ፊት ነው። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን እየሆነ ሲመለስ የነበረበትን ዘመን የሚያወሩ አዛውንቶች ዛሬም በየቡና ቤቱ አሉ። የእነሱ የልጅ ልጆች ናቸው ሦስት ጨዋታ ለመጨረስ ገንዘብ የለም የተባሉት።

በዚህ ውሳኔ ከሁሉ በላይ የተጎዱት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። የእግር ኳስ ቡድናችን አምበል ዓምና በጉልበት ጉዳት ዓመቱን ሙሉ ከሜዳ ርቆ ከርሟል። ዘንድሮ የተመለሰው እያነከሰ ጀምሮ ነው፤ በኅዳሩ ሽንፈት ልጆቹ ሲያለቅሱ ያጽናናው፣ በሩብ ፍጻሜው የመጨረሻውን ፍጹም ቅጣት ምት የመታው እሱ ነው። ማስታወቂያው በተለጠፈ ዕለት ወደ ቢሮዬ መጥቶ «መምህር፣ ተሸንፈን ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለኝ። «ለሚቀጥለው ዓመት» የሚባለው ማጽናኛ ለእሱ አይሠራም። ከትምህርት ቤታችን ጨርሶ ይወጣል፤ ጨዋታው ግን አላለቀም።

ስለ ከተማው ስብስብ ምርጫ ደግሞ ማንንም በስም አንከስም። የምናውቀው ይህን ብቻ ነው፦ ግማሽ ፍጻሜ ከደረሱት አራት የእግር ኳስ ቡድኖች መካከል ከሁለቱ አንድም ተጫዋች አልተመረጠም፤ በምድቡ ከወደቀ ቡድን ግን ብዙ ተመርጠዋል። ምናልባት በቂ ምክንያት ይኖራል። ምክንያቱ ካለ የሚሰማው ሕዝብ ነውና በአደባባይ ይነገር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከሁሉ በፊት፣ የቀሩት የግማሽ ፍጻሜና የፍጻሜ ጨዋታዎች የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከመግባታቸው በፊት በዚሁ በግንቦት ወር ይደረጉ። ቅዳሜና እሑድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢጀመሩ ትምህርትም ጥናትም አይነኩም፤ ፀሐዩም ሳይበረታ ያልቃሉ። ይህ በፍጹም የማይቻል ከሆነ ጨዋታዎቹ ከፈተናው በኋላ ይደረጉና ዘንድሮ የተመዘገቡት ተጫዋቾች ሁሉ፣ የሚመረቁትን ጨምሮ፣ እንዲሰለፉ ይፈቀድ። የከተማው ስብስብም ከዚያ በኋላ፣ መስፈርቱ አስቀድሞ ተጽፎ ይመረጥ።

ለሚቀጥለው ዓመት ሙሉ መርሐ ግብሩ ውድድሩ ሳይጀመር በጽሑፍ ይድረሰን፤ የጾም ወራት፣ የመንፈቀ ዓመት ፈተናና ብሔራዊ ፈተናው ታስበው ይዘጋጅ። ለውጥ ቢያስፈልግ ከጨዋታው ቢያንስ ሦስት ቀን በፊት ለርዕሰ መምህሩም ለአሰልጣኙም ይነገር፤ በዚህ መንገድ ያልተነገረ ለውጥ ፎርፌ አያስቆጥር።

ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ የተማሪ ጨዋታ በውጭ ሜዳ አይደረግ። የውኃ ዕረፍት በየአጋማሹ ይሰጥ። ወጌሻ ወይም የመጀመሪያ ዕርዳታ የሠለጠነ ሰው ያልተገኘበት ጨዋታ አይጀመር፤ ለሕክምና የተከፈለው ገንዘብም ምን ላይ እንደዋለ ይገለጽልን። ክንዷ ለተሰበረችው ልጅ ቤተሰብ የሕክምና ወጪያቸው ይተካላቸው።

የሴቶች ጨዋታ በተራ ከወንዶቹ እየቀደመ ይደረግ፤ መረቡ በደንቡ ቁመት ይሰቀል። ያስመዘገብናቸው የተገቢነት ክሶች የጽሑፍ መልስ ያግኙ። በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ የተቆለለው አሸዋና ድንጋይ ወይ ሥራ ላይ ይዋል ወይ ይነሳ።

ለዚህ ደብዳቤ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። ለውይይት ብትጠሩን በፈለጋችሁት ቀንና ሰዓት እንመጣለን፤ ደረሰኞቹን፣ የክስ ማስረጃዎቹንና የተላኩልንን መልእክቶች ይዘን እንቀርባለን። አምበሎቹም አብረውኝ እንዲገቡ እንጠይቃለን፤ ጉዳዩ የእነሱ ነው።

ከሰላምታ ጋር

የአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርና የቡድኖች አሰልጣኝ

የወንዶች እግር ኳስ፣ የሴቶች መረብ ኳስና የሴቶች እጅ ኳስ ቡድኖች አምበሎች

ድሬዳዋ፣ ግንቦት

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት
በግማሽ ፍጻሜው ለደረሱ ትምህርት ቤቶች የስፖርት መምህራን